ከሰልፉ ጭራ የምትቆመው ሴት

አንድ ሰው የሠራውን ጥፋት እያወራ «ዘመኑ ነው» ሲል ደሜ ይፈላል። «ጠባዬ ነው፣ ምን ላድርግ» ሲል ደግሞ የባሰ ይፈላል። ሁለቱንም ብያቸው ስለማውቅ ይሆናል። በደርግ ጊዜ፣ ነፋስ ስልክ፣ በአንድ የቀበሌ ሱቅ ባንኮኒ መጀመሪያ በፊቱ፣ በኋላ ደግሞ በጀርባው ቆሜ የሆንኩትን ለማንም በወጉ ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ ግማሹን ነግሬዋለሁ፤ እሱም ነፍሱን ይማረውና ሌላውን ግማሽ አልጠየቀኝም። አሁን አርጅቻለሁ፣ የማፍረውም ሰው አንድ ባንድ እያለቀ ነው። ስለዚህ እንደሆነው ልናገረው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ። ቁጡ ማለት እንኳ ሲያንሰኝ ነው። እናቴ «ይቺን ልጅ ምጧ የመጣብኝ በርበሬ ስወቅጥ ነው» ትል ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋዬን የነካ ሰው ያን ቀን ዱቄቱን በሰላም አይወስድም። አውቶቡስ ላይ አሮጊት ቆማ ጎረምሳ ተቀምጦ ካየሁ ከነፋስ ስልክ እስከ ለገሃር ስለ እናቱ አስተዳደግ ስነግረው እሄዳለሁ። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ በደል የደረሰበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። «እስቲ አንቺ ተናገሪልን» ይሉኛል፣ እኔም የልብስ ስፌት መኪናዬን ትቼ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ። ይህን ጠባዬን እወደው ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ እኮራበት ነበር፤ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

በግድግዳ የምንዋሰናት ጎረቤቴ የእኔ ግልባጭ ነበረች። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ባሏ ሞቶ፣ አንዲት ልጇን ድራ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። «እትዬ» ነበር የምላት። ድመት ወጧን ስትልስባት «እንግዲህ ርቧት ነው» የምትል ሰው ናት። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጓሮዋ ገብቶ ጎመኗን ሲቀነጥስ አይታው፣ ሰውዬው እንዳያፍር ብላ ቀስ ብላ ተመልሳ በሯን ዘጋች። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የማወራው። በአጥሩ ላይ አንገቴን አውጥቼ ሌባውን ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሰው አስደነገጥሽ ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ደርግ ገብቶ ጥቂት ዓመታት እንደቆየ ቀበሌያችን ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ግቢ ውስጥ ያለውን ጋራዥ ሱቅ አደረገው። ከሳንቃ ባንኮኒ ተሠራለት፣ ሚዛን ተቀመጠበት። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ አንዳንዴም ዘይትና ዱቄት ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ብዛት ተጽፏል፣ በዚያው ልክ ይሰፈርለታል። ውጭ የሚሸጠው የሚቀመስ ስላልነበረ ለድሃ ሰው ካርድ ማለት የልጆቹ ጉሮሮ ማለት ነው።

ሱቁ ላይ የሚቆም ሰው ይመረጥ ሲባል እጄን አውጥቼ ጎረቤቴን የጠቆምኳት እኔ ነኝ። አትሰርቅም፣ አታዳላም፣ ሰው አታስቀይምም አልኩ፤ ሰውም አጨበጨበ። እሷ «ኧረ እኔ ሰው ፊት መቆም አልችልም» ብላ ልትሞት ደረሰች። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ትለምጂዋለሽ ነው ያልኳት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ለእሷ መከራ ነበሩ። ስኳር መጣ የተባለ ቀን ሰው ከማለዳው ጀምሮ በሱቁ በር ድንጋይ ይደረድራል። ድንጋዩ የሰውዬው ቦታ ነው፤ አስቀምጠኸው ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፣ ሲከፈት መጥተህ ከድንጋይህ ኋላ ትቆማለህ። ታዲያ አንዱ የሌላውን ድንጋይ በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን ይሰካል፣ ከዚያ ጠብ ነው። እሷ ሁለቱንም ታምናለች። «የልጄ ካርድ ጠፋብኝ» ያላትን ታምናለች፣ «እናቴ ታማ ነው የእሷንም ስጪኝ» ያላትን ታምናለች። አንድ ቀን ስኳሩ ሰልፉ እኩሌታ ላይ ሳይደርስ አለቀ። ያን ቀን የሰደቧትን ስድብ አልደግመውም። አንዲት የጋራ ጎረቤታችን እግሯ ሥር ምራቋን ተፋችባት።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ሆነች። በስድስት ወር ውስጥ ፊቷ ተቋጠረ፣ ድምፅዋ ወፈረ። «ካርድህን በደንብ ያዝ። ወደ ኋላ በል። አንዴ ተናግሬያለሁ።» በግድግዳው በኩል ሳል እንኳ የማይሰማባት ሴት ከመንገድ ማዶ ትሰማ ጀመር። አንድ ቀን እኔኑ፣ የመረጥኳትን፣ «ድንጋይሽ ወጥቷል፣ አስተካክዪው» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ ለባሌ «ከአህያ የዋለች ጊደር ማለት ይቺ ናት» አልኩት። ባሌ ዝምተኛ ሰው ነው፤ «ያዋልሻት አንቺ ነሽ» አለና ጋዜጣውን አነሳ። ተናድጄ እራቱን በቅጡ አላቀረብኩለትም።

ይህን ሁሉ እንኳ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የሶዶዋን ሴት ነው።

ይህች ሴት ከሶዶ መጥታ ከእኛ መንገድ በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው በኩል፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ከአራት ልጆቿ ጋር የምትኖር ናት። የመጨረሻው ገና ጀርባዋ ላይ ነው። ባሏ ለእርሻ ሥራ አዋሽ ወርዶ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ጴንጤ ናቸው። ያን ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ሁላችንም ተነስተን ግራ እጃችንን እያወጣን መፈክር እናሰማ ነበር፤ መፈክሩ አብዮቱን ከሁሉ በላይ የሚያደርግ ነው። እሷ ከሰው ጋር ትነሳለች፣ እጇን ግን አታነሳም፣ አፏንም አትከፍትም። ከሁሉ በላይ የማደርገው ጌታን ነው ብላለች አሉ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ የእነሱ ነገር አይገባኝም ነበር፤ ግን ሰው በሃይማኖቱ ሲገፋ አልወድም።

ስኳር በሚታደልበት ቀን ይህች ሴት ሁሌ በማለዳ ነው ድንጋይዋን የምታስቀምጠው። ተራዋ ደርሶ ወደ ባንኮኒው ስትጠጋ ግን ጎረቤቴ እንደ ጅራፍ ትነሳባታለች። «አንቺ ጴንጤ፣ ማን ወደዚህ ጠራሽ? ወደ ኋላ። ሰው ሁሉ ሲያልቅ ነው ያንቺ ተራ።» በሩ ላይ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የሚቀመጥ የአብዮት ጥበቃ አለ፤ እሱ እስኪያስለው ይስቃል። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ልጁን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ሄዳ ከሰልፉ ጭራ ትቆማለች። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፤ ስኳር በመጣ ቁጥር።

አንዴ እዚያው ቆሜ «እትዬ፣ ምን ነካሽ?» ብላት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንቺ ስኳርሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ሌላ ቀን የሶዶዋን ሴት መንገድ ላይ፣ ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ አገኘኋት። «ለምን ዝም ትያለሽ?» አልኳት። «አፍ የለሽም? ሰው እንደዚህ ሲጫወትብሽ?» ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አየችና «ግድ የለም እትዬ። እሷ ደግ ሰው ናት» አለችኝ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትንገረኝ? ሰሚ ጆሮ ቢኖረኝ ነገሩ ያን ቀን ይገባኝ ነበር። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች ግራ ጉንጭ ስጡ የተባለውን እንደ ወረደ ይወስዱታል ብዬ ይብስ ተቃጠልኩ፤ የእሷን ቁጣ ጭምር ደርቤ እኔ ልቆጣላት ተነሳሁ።

ስብሰባ ሁሌ እሁድ ጠዋት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ሰው ቅዳሴ እንዳይሄድ ይመስለኛል። መጨረሻ ላይ ሂስ የሚባል ነገር አለ። ሊቀመንበሩ ዞር ዞር ብሎ «ሂስ ያለው ጓድ» ይላል፤ ሰው ሁሉ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ሂስ ከባድ ነገር ነው፤ ዛሬ የተናገርከው ነገ ይናገርሃል። የኔን እጅ ግን የያዘው አልነበረም። ሰው ፊት መናገር ለእኔ ውኃ መጠጣት ነው፤ ያ አዳራሽ ደግሞ ተናገር እያለ የሚለምን አዳራሽ ነበር። ተነሳሁ።

«ይቺ ሴት ሰው አይደለችም?» አልኩ፣ በጣቴ ወደ ኋላ ወንበር እያመለከትኩ። «ልጅ አዝላ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ወስዶ ሲያልቅ ነው ስኳሯ የሚሰጣት። ሃይማኖቷ ሌላ ስለሆነ ነው? እኩልነት የምትሉን ይኸ ነው?»

ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ። ሊቀመንበሩ ድሮ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ የነበረ፣ ሲናገር የማይጮህ ሰው ነው።

«ሰው ሲያልቅ ምን ይሰጣታል አልሽ?» አለኝ።

«ስኳሯ ነዋ። ጨውም፣ ሳሙናም። ዘንቢሏን ሞልታ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝቻታለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር። ከዚያም በፊት። ስኳር በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲበተን ነው የምታገኘው።» ማስረጃ እየሰጠሁ ነበር እኮ፤ በደንብ፣ በዝርዝር፣ ማንም እንዳይጠራጠር አድርጌ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው መዝገቡን እንኳ አልገለጠም። «የዚያ ቤት ካርድ ከተነጠቀ ስምንት ወሩ ነው» አለ። «መፈክር አላሰማም በማለቷ በኮሚቴ ተወስኖ ካርዱ እኛ ጋ ነው ያለው። ለዚያ ቤት ምንም እንዳይሰጥ ለሱቅ ሠራተኛዋ በቃል ተነግሯታል።»

እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ መቀመጥ እንዳለብኝ እንኳ ጠፋኝ። ጎረቤቴን አየኋት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትደረድራለች፣ ወደ እኔ አልዞረችም። የሶዶዋ ሴት ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ በሁለት ክንዷ አቀፈችው።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ ግን ያረዳሁት ገዳዩን ነው። በኋላ ነገሩን አንድ ባንድ ስገጣጥመው የነበረው እንዲህ ነው። ስድቡ ጥበቃው እንዲሰማው ነበር። ሰውዬው እየሳቀ፣ ይህች ሴት ምንም እንደማታገኝ እያመነ፣ ምሳ ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቶ ይሄዳል። ሰልፉ ያልቃል። ያን ጊዜ ጎረቤቴ ጆንያውን አራግፋ የቀረውን፣ ሳይመጡ ከቀሩት ሰዎች ድርሻ የተረፈውን፣ ሲያንስም የራሷን ጨምራ በዘንቢሉ ታስቀምጥላታለች። ሰው እንዳታስቀይም የምትጨነቀው ሴት፣ አራት ልጆች እንዳይራቡ ብላ፣ ስምንት ወር ሙሉ ሰው ፊት ክፉ ሆና ኖረች። እኔ ደግሞ ክፋቷን አጋለጥኩላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ስንት ዓመት ሙሉ አሸሁት፣ ያው ነው።

ጎረቤቴን ከዚያው ከአዳራሹ ወሰዷት። ሦስት ሳምንት ያህል በቀበሌው እስር ቤት ቆየች። በየቀኑ ምግብ አመላልሳለሁ፤ ሳህኑን ተቀብለውኝ ባዶውን ይመልሱልኛል፣ እሷን አያሳዩኝም። በዚያ መሃል ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጣ። ወንበር ስሰጠው ልብሱን ሰብስቦ ተቀመጠ። «አንቺ ለፍትሕ የምትቆረቆሪ ሰው ነሽ» አለኝ። «ሱቁን አንቺ ያዥው። ጥበቃውም ካሁን በኋላ እስከ መጨረሻው አብሮሽ ይቀመጣል።»

በሕይወቴ እምቢ ማለት ካለብኝ ቀን ሁሉ ያ ቀን ነበር። ወፍጮ ቤት ለአንድ ቁና ዱቄት ሰው የምገላምጥ ሴት፣ «እሺ» አልኩ። «እሺ ጓድ» ነው ያልኩት። ሲወጣ ባሌ «እምቢ ብትይስ?» አለኝ። «ካርዳችንን ቢነጥቁንስ?» አልኩት። የሦስት ልጆቻችንን ፊት አየና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቤታችን ውስጥ ሁለታችንም ዝም ያልንበት ቀን ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ባንኮኒው ኋላ ስቆም የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ትሁት ሆንኩ። «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ይጠብቁ። ወንድሜ፣ ካርድህን ብታሳየኝ።» ድንጋይ ተገፋ ብለው ሲጣሉ በለሆሳስ አስታርቃቸዋለሁ። ሰው ተገረመ። «እንዲህ ጨዋ ነሽ እንዴ?» አሉኝ፤ «ያቺኛዋ እንዴት አቃጥላን ነበር።» ጥበቃው እንኳ አክብሮ «እትዬ» ይለኝ ጀመር። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት ነበር። ቁጣዬ ለካ ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ የሚኖር ነገር ነው፤ የሚወሰድብኝ ነገር በሌለበት ቦታ ሁሉ ነበር የምጮኸው። እዚህ ስገባ በር ላይ ጥሎኝ ሄደ። እሷ ለስላሳ ሆና ገብታ የሻከረችው ሰው ልታድንበት ነው። እኔ ሻካራ ሆኜ ገብቼ የለሰለስኩት ራሴን ላድንበት ነው። ታዲያ ቦታው አንድ፣ ሚዛኑ አንድ፣ ሊቀመንበሩ አንድ። ዘመኑ ነው እንዳልል፣ ዘመኑ ለሁለታችንም አንድ ነበር። ጠባዬ ነው እንዳልል፣ ጠባዬማ ሌላ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ ራሴን መምታት ያምረኛል።

ጎረቤቴ ስትፈታ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች፤ ሲሚንቶ ላይ ተኝታ አብጦባታል። እግሯ ሥር ወደቅኩ። አነሳችኝና «ተይ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አለችኝ። ድምፅዋ ወደ ድሮው ተመልሷል።

«ምናለ ነግረሽኝ ቢሆን?» አልኳት።

«ላንቺ?» ፈገግ አለች። «ላንቺ ብነግርሽ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። በክፋት አይደለም፤ ደስ ብሎሽ፣ እትዬ ምን የመሰለች ሰው ናት ብለሽ ትናገሪው ነበር።»

እውነቷን ነው።

«ልጆቹስ?» አለችኝ። ሴትዮዋ ከዚያ እሁድ ወዲህ ሱቁ ደጃፍ አልደረሰችም ነበር፤ ልጆቿን ግን መንገድ ላይ አይቻለሁ፣ ከስተዋል፤ ነገርኳት። ጎረቤቴ እግሯን ማሻሸት ተወች። «እንግዲህ ስሚኝ» አለች። «ንገሪያትና በማለዳ ትምጣ። ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ስደቢያት። ጥበቃው እስኪስቅ ነው፤ የሳቀ ሰው አይጠረጥርም። ከዚያ ወደ ኋላ መልሻት።»

«ሰውዬው እስከ መጨረሻው እንዲቀመጥ ታዟል።»

«ይቀመጣል። አንድ ወር ይቀመጣል፣ ሁለት ወር ይቀመጣል። ከዚያ ይርበዋል፤ ሰው ነው። ሲወጣ ዘንቢሏን ተቀበያት። ስድቡን እንደሁ ላንቺ ማን ያስተምርሻል። እኔ እንኳ የተማርኩት ካንቺ ነው። ባልሽን ስትቆጪ በግድግዳው እሰማና ብቻዬን ሆኜ እየደገምኩ እለማመድ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ። «አደርገዋለሁ» አልኳት። እጇን ይዤ፣ በማርያም ብዬ፣ ማልኩላት። ከልቤም ነበር። እሷ ቤት፣ እሷ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

የሶዶዋ ሴት ክረምቱ ሳይገባ ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰው ባሏ አዋሽ ላይ ሌላ አግብቶ ነው አለ፣ ሰው ዘመድ ጠርቷት ነው አለ። እኔ ለምን እንደሄደች አውቃለሁ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ሱቁ የመጣችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቤቷ ድረስ ሄጄ ነግሬያት ነበር። በማለዳ ድንጋይዋን አስቀምጣ፣ ልጁን አዝላ፣ ተራዋን ጠብቃ ባንኮኒው ጋ ደረሰች። ጥበቃው በሩ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ ቆመች፤ ስድቤን እየጠበቀች ነው። ስድቡን ከማታ ጀምሮ አሰናድቼዋለሁ፣ አፌ ላይ አለ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «እህቴ፣ ይቅርታሽን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብትቆዪልኝ» ነው። ጥበቃው አልሳቀም። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ አየኝ። ሴትዮዋ ሄዳ ከሰልፉ ጭራ ቆመች።

ሰልፉ አለቀ። ፀሐዩ መሃል አናት ላይ ነው። ጥበቃው ተነሳ፣ ጀርባውን አፍታታ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ «ልቅመስና ልምጣ» አለኝ። ጎረቤቴ እንዳለችው ራበው። ከግቢው ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁት። ጆንያው ሥር ቢያንስ ሦስት ኪሎ ስኳር አለ። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ሰው የለም።

ቀረብ አለችና ዘንቢሏን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ ጆንያውን ያያል።

እጄ ወደ ጆንያው አልሄደም። ጸሐፊው ከግንቡ ኋላ ቢኖርስ፣ ጥበቃው ሊፈትነኝ ወጥቶ ቢሆንስ፣ የኔ ልጆች ካርድስ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። «ካርድ ይዘሻል?» አልኳት፣ በዚያ በለመድኩት ለስላሳ ድምፅ።

የጨዋታው ክፍል መሰላት። በሩ ላይ ወደቀረው ባዶ ወንበር ዞራ አየችና «ሄዷል እኮ፣ እትዬ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ እህቴ። ግን ካርድ ከሌለ አልችልም። ደንቡ ነው። በጣም ነው የማዝነው።»

ያጎደለችው ነገር ያለ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ እኔ ቀና አድርጋ «እትዬ፣ ስደቢኝ፤ ግድ የለም» አለችኝ።

«ኧረ ምን በወጣሽ» አልኳትና ባዶ ዘንቢሏን ከባንኮኒው ላይ አንስቼ በሁለት እጄ አቀበልኳት።